እሳቱ ውጭ ይደር

ወዳጆቼ፣ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ስልክ ያላነሣሁት ንቄያችሁ አይደለም። ፒያሳ ካለ አንድ ሆቴል ኮርኒስ ሥር መሰላል ላይ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዓርብ ማታ ደወለና «ፊዚክስ አስተማሪ አይደለህ እንዴ? ና መመሪያውን አንብብልኝ፤ እንግሊዝኛው አልገፋ አለኝ» አለኝ። ዲፕሎማዬ ለአንድ ቀን እንኳ ከጥቁር ሰሌዳ ውጭ ተፈለገ ብዬ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

ሆቴሉ መስኮት የሌለው የስብሰባ አዳራሽ አለው። የሚገጠመው ማሽን የውጭውን አየር ስቦ፣ አጣርቶና አሙቆ ወደ አዳራሹ የሚያስገባ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሲከፍቱት ብዙ ጉድ የለውም። ፊልተር አለ፣ ፋን አለ፣ ቀጥሎ የሙቅ ውኃ ኮይል አለ። የመኪና ራዲያተር ያየ ሰው ኮይሉን ያውቀዋል፤ የመዳብ ቱቦ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎችን እየበሳ ይመላለሳል። ውኃው ጓሮ ካለው ቦይለር በፓምፕ ይመጣል፣ ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ይመለሳል።

መጀመሪያ ቧንቧውን ገልብጠን ገጠምነው። ሙቁ ውኃ መግባት ያለበት አየሩ ከኮይሉ በሚወጣበት በኩል ነው። እንዲያ ሲሆን ቀዝቃዛው አየር መጀመሪያ ለብ ያለውን ውኃ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በጣም የጋለውን ያገኛል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ይሞቃል ማለት ነው። ፈታነው፣ ቴፍሎኑን ልጠን እንደገና ጠመጠምን። ፓምፑን ስናስነሣ ደግሞ የኮይሉ የታችኛው ግማሽ ሞቆ የላይኛው በረዶ ሆነ። የአክስቴ ልጅ «ሻጩ በላን!» ብሎ ቁጭ አለ። የበላን ሻጩ ሳይሆን ኮይሉ አናት ላይ የታሰረ አየር ነበር። ከላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ላላ ሳደርጋት ፍስስ አለች፣ ከዚያ ጥቁር ውኃ ሸሚዜ ላይ ተፋች። ነጩ ሸሚዜን ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ሞቀ።

(ለተማሪዎቼ፦ መመሪያው ላይ ያለው የኪሎዋት ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። እዚያ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ 1 ኪሎ አይሞላም። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያጓጉዘው ሙቀት ያንሳል። ሰኞ እጠይቃችኋለሁ።)

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ መጡና ቀና ብለው አዩን። «ልጆች፣ የውጭውን ብርድ አስገብቶ እንደገና ማሞቅ ነዳጅ ማባከን አይደለም? ውስጥ ያለውን አየር እያዞረ ቢያሞቅስ?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ ሰማንያ ሰው ተንፍሶ የጨረሰውን አየር መልሶ ማሞቅ ይሆናል» አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ፣ እኔ ግን መሰላሉ ላይ ዝም ብዬ ቀረሁ። እህቴ ትዝ አለችኝ።

አምና ነሐሴ ታላቅ እህቴ ደባርቅ ወለደች። የደባርቅን የክረምት ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አራስ ናት፣ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ መስኮቱ በጋቢ ተሸፈነ፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተደፈነ፣ ማንደጃው መሀል ላይ ተቀመጠ። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የሚባል የለም። ሌሊት ራሷን አመማት፣ አስመለሳት፣ እግሯ አልታዘዝ አለ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ታሸላት፣ በሩም ይበልጥ ተዘጋ! ያዳናት ሊጠይቃት የመጣ ጎረቤት ነው። ገና ሲገባ «እንዴ፣ ታፍናችኋል!» ብሎ በሩን ወለል አደረገው። ጤና ጣቢያ ስትደርስ የከሰል መመረዝ መሆኑ ታወቀ። እሷም ሕፃኑም ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም የሚሉ ብዙዎች ናችሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ መልክም የለውም፤ በደንብ ከቀላ ፍምም ይወጣል። ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ይኼን ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ መሰላችሁ። ለገዛ እናቴ ግን አንድ ቀን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ከፒያሳ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ፋሲል ግቢ ውስጥ ወሸባ አለ፣ የነገሥታቱ የእንፋሎት መታጠቢያ። ተማሪዎች ይዤ በሄድኩ ቁጥር የእሳቱን ቦታ አሳይቼ አልፋለሁ። ጣሪያው ላይ ያሉትን የእንፋሎት መውጫ ቀዳዳዎች ግን ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም። እነዚያ ግንበኞች ለሙቀቱ መግቢያ ሲሠሩ መውጫም ሠርተውለታል።

አሁን ታናሽ እህቴ ለኅዳር ደርሳለች፣ የምታርሰውም እናቴ ቤት ነው። ቅዳሜ ማታ በዚያው በቆሸሸ ሸሚዜ ሄድኩ። ለእናቴ ቦይለርና ፋን ልገዛላት አልችልም፤ ደመወዜን ታውቃላችሁ። ግን የማሽኑ ሥራ እኮ ቀላል ነው፦ እሳቱ ውጭ ይቀራል፣ ሙቀቱን ውኃ ተሸክሞ ይገባል። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ እዚህ ጎንደር ከአራት ሜትር ኩብ በላይ አየር በአንድ ዲግሪ ያሞቃል። ስለዚህ ከሰሉ ደጅ ይነዳል፣ ውኃው እዚያ ይፈላል፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጄሪካን ተሞልቶ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ከአልጋው ግርጌ ይቀመጣል፣ ከሕፃኑ ራቅ ብሎ። መስኮቱም ከላይ በኩል ትንሽ ይከፈታል።

በጄሪካኑ እናቴ ቶሎ ተስማማች። መስኮቱ ላይ ግን ጦርነት ሆነ።

«አራስ ባለችበት ቤት መስኮት? አብደሃል?»

«እማዬ፣ ደባርቅ የሆነውን ረሳሽው?»

ዝም አለች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ መስኮቱን በእጇ ለካችው።

«ስንት?»

«አራት ጣት።»

«ሁለት።»

«ሦስት ይሁን።»

«እሺ ሦስት» አለችና ቀጭን ጣቶቿን ከኔ ጣት ጋር አስተያየቻቸው። «በኔ ጣት ነው ታዲያ!»