ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ባሉበት ግቢ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 መጨረሻ ላይ ሁለት እንስሳት በሁለት ቁጥር ልዩነት ይጠቀሳሉ። ፈሪሳውያን መጥተው ሄሮድስ ሊገድልህ ይፈልጋልና ከዚህ ሂድ ሲሉት ጌታ ሄሮድስን ቀበሮ ብሎ ጠራው። ወዲያው ስለ ኢየሩሳሌም ሲያዝን ደግሞ ራሱን ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር ልትሰበስብ ከምትፈልግ ዶሮ ጋር አመሳሰለ። የይሁዳ አንበሳ የተባለው እርሱ ነው እኮ! ቀበሮ ባለበት አገር ዶሮ ምን አቅም አላት? እኛ ባልና ሚስት ዶሮ ማርባት ከጀመርን ወዲህ ይህን ክፍል በሌላ ዓይን ነው የምናነበው።

የምንኖረው ከሆሳዕና ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከቤታችን ጀርባ እንሰት አለ፤ ዶሮዎቻችን ቀኑን ሙሉ እሱ ሥር ሲጭሩ ይውላሉ። ሁሉም የሐበሻ ዶሮ ናቸው። ለመዝናኛ የያዝናቸው አይደሉም፤ ኮሌጅ የምትማረው ልጃችን የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከእንቁላሉና በበዓል ከሚሸጡት አውራዎች ነው። ስለዚህ አንዲት ጫጩት ስትጠፋ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት አንዷ እናት ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ 11 ጫጩቶች ፈለፈለች። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ብቻ ቀሩ።

ይህን በኅብረታችን ስናካፍል አንድ ወንድም የጠላት ውጊያ ነውና ጾም ጸሎት እንያዝ አለ። ሌላው ደግሞ ስለ በርና ስለ ቁልፍ ይህን ያህል መጨነቅ እምነት ማነስ ነው፣ የሰጠ ጌታ ይጠብቃል አለ። ሁለቱንም እናከብራቸዋለን፤ ከልባቸው ነው የተናገሩት። እኛን የረዳን ግን የነህምያ መጽሐፍ ነው። ጠላቶች ቅጥሩን በሚሠሩት ሰዎች ላይ ሲዶልቱ ሕዝቡ ወደ አምላካቸው ጸለዩ፣ ቀንና ሌሊትም ጠባቂ አቆሙ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቁጥር ውስጥ ናቸው። እኛም ጸለይን፤ ቅዳሜ ደግሞ መዶሻና ሚስማር ይዘን ወጣን።

መጀመሪያ ወሳጁ ማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በቀን የሚመጣው ጭልፊት ነው፤ ደም የለ፣ ላባ የለ፣ ጫጩቷ ብቻ የለችም። ድመትም እንዲሁ ያደርጋል። በሌሊት የሚመጣው ሸለምጥማጥ ግን አንዱን በልቶ ሌላውን አንገቱን ነክሶ ጥሎ ይሄዳል፤ ጠዋት በሩን ስትከፍቱ የምታዩት ነገር ልብ ይሰብራል። ትልቅ ዶሮ አመሻሽ ላይ ከግቢው ጠርዝ ከጠፋች ቀበሮንም መጠርጠር ነው።

የሌሊቱ ይቀላል። የዶሮ ቤቱን በአራት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ሠራነው። በየቋሚው ዙሪያ ቆርቆሮ ጠቀለልን፤ ጥፍር እንዳይዝበት ነው። ሸለምጥማጥ ቀጭን ስለሆነ ጭንቅላቱ ባለፈበት አካሉም ያልፋል፤ ስለዚህ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለውን ስስ ሽቦ ትተን ጣት ብቻ የሚያሳልፈውን ጠንካራውን ገዛን። ውድ ነው፤ በሁለት ዙር ነው የጨረስነው። በሩን በገመድ ማሰሩ ቀርቶ መቀርቀሪያ ገባለት። ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ ቆጡ ሥር ጥቂት በቆሎ እንበትናለን፤ አሁን ለምደው ራሳቸው ይገባሉ። ከዚያ እንቆጥራቸዋለን። ያ መቶ በግ የነበረው እረኛ አንዷ እንደጠፋች ያወቀው ቢቆጥር አይደል? ቆጥሮ የማይዘጋ ሰው መጥፋቷን የሚያውቀው በሳምንቱ ነው።

ከባዱ ቀኑ ነው። ጫጩቶቹን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅርጫት ደፍተን ከእናታቸው ጋር ማቆየት ይቻላል፤ እናደርገዋለንም። ትልልቆቹን ግን አንድ ወር ሙሉ ዘግተን አየነው። የመኖ ወጪው ከእንቁላሉ ገቢ በለጠ፤ እርስ በርሳቸውም ላባ መነጫጨት ጀመሩ። ዶሮ ወጥታ ካልጫረች ዶሮ አትሆንም። ስለዚህ ከፈትን። የእንሰቱ ቅጠል ከላይ ከጭልፊት ይከልላል፤ ታዲያ ያው ቅጠል ለድመት መደበቂያ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ሣር በየጊዜው ማጨድ ግድ ይላል። የተሰበረ ሲዲ በገመድ ሰቅለን ነበር፤ ጭልፊቱ ለአንድ ሳምንት ሸሸ፣ በሁለተኛው ለመደው።

ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ መጣል ግን እንዳትሞክሩ። አንዳንድ ሰው ያደርገዋል። የሚሞተው የጎረቤት ውሻና ጥንብ አንሣ ነው፤ ሕፃን ቢያነሣውስ? ደግሞም ቁራዎችን የሚመግብ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተማረን ጌታ ራሱ ነው፤ ጭልፊቱንም የፈጠረው እርሱ ነው። ከእኛ ግቢ እንዳይበላ መከልከል መብታችን ነው፤ ከዚያ አናልፍም።

ከሁሉ የተማርነው ግን ከዶሮዋ ነው። አውራው ከላይ ክንፍ ሲያይ አንድ ቀጭን ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማል፤ በምድር ድመት ሲያይ ግን ደጋግሞ ይንጫጫል። ይህን ያጠኑ ተመራማሪዎችም ሁለቱ ጥሪዎች የተለያየ ነገር እንደሚናገሩ አረጋግጠዋል። እናቲቱ ደግሞ የራሷ ጥሪ አላት፤ ጫጩቶቹ ያንን ሰምተው ክንፏ ሥር ይገባሉ። ሰባኪዎች በእሳት ተቃጥላ ስለሞተችና ጫጩቶቿ ከሥሯ በሕይወት ስለተገኙ ዶሮ ሲናገሩ ሰምታችሁ ይሆናል። እኛ እንዲህ ያለ ነገር አላየንም። ያየነው ይበቃናል፤ ጭልፊቱ ሲወርድ አልሸሸችም፤ ክንፏን ዘርግታ ተኛችባቸው፤ የጀርባዋ ላባ ተነጨ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ጀርባዋ ራቁቱን ነበር። ከሥሯ ያሉት አንዳቸውም አልተነኩም። የዶሮ ክንፍ ብረት አይደለም። ጥፍሩ መጀመሪያ እሷን ስላገኘ ብቻ ነው እነርሱ የዳኑት።

አንዷ ጫጩት ግን ጥሪውን ሰምታ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሮጠች። እናቲቱ ተነሥታ ልትከተላት አልቻለችም፤ ብትነሣ የቀሩት ይጋለጣሉ። ባለችበት ሆና ጮኸች፣ ጮኸች። ያን ቀን ሁለታችንም ሥራ መሥራት አልቻልንም።

የመጀመሪያ ልጃችን ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። የእኛ አካባቢ ወላጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳናብራራ ይገባቸዋል። ሃያ ዓመት የሞላውን ልጅ በር ዘግቶ ማስቀረት አይቻልም። እሁድ እሁድ እንደውላለን። ሱቅ ይሠራል፤ ደህና ነኝ ይላል፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ስንጠይቀው ወሬ ይቀይራል። ጌታ ስለ ኢየሩሳሌም ሲናገር ልሰብስባችሁ ፈለግሁ፣ እናንተ ግን አልፈለጋችሁም ዓይነት ኀዘን ነው ያሰማው፤ የተናገረውም ወደዚያችው ከተማ እየሄደ ሳለ ነው። ቀበሮው እንዳለ ያውቃል፤ መንገዱን ግን አልቀየረም። በልጃችን ጉዳይ ስንጸልይ እግራችን የቆመው እዚህ ላይ ነው።

ዘንድሮ ከተፈለፈሉት 12 ጫጩቶች ዘጠኙ ላባ አውጥተዋል፤ እናቲቱም ልትለያቸው ተቃርባለች። ክረምቱ ሳይገባ የዶሮ ቤቱን አንድ የዛገ ጥግ መቀየር አለብን። ልጃችን ሰሞኑን ደውሎ፣ ሳንጠይቀው፣ ሰፈሩ አጠገብ የኢትዮጵያውያን ኅብረት እንዳለ ነገረን። እሄዳለሁ አላለም፣ አልሄድምም አላለም። በጸሎታችሁ ብታስቡን ደስ ይለናል።