ጉልበትና ጓሳ

በአማርኛችን ጉልበት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንደኛው ኃይል ነው፣ ሁለተኛው በጭንና በቅልጥም መካከል ያለው መታጠፊያ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም የጠሩበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ጉልበቱን ያመመው ሰው ኃይሉም አብሮ እንደ ተነካ ይሰማዋልና ስሙ ያለ ቦታው የገባ አይደለም። ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ይህን የመሰለው ሕመም ነው፤ ይኸውም ሰውን አልጋ ላይ የማይጥል፣ ነገር ግን ለብዙ ወራትና ዓመታት የማይለቅ የወገብ፣ የጉልበትና የትከሻ ሕመም ነው። ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል፤ የአገራችን ሰው ግን ቁርጥማት ወይም ብርድ ነው ብሎ ያልፈዋል።

እንዲህ ያለውን ሕመም ያለ ኪኒን መያዝ እንዴት እንደሚቻል ስናስብ ደጋግሞ በሐሳባችን የሚመጣው ስፍራ የመንዝ ጓሳ ነው። ጓሳ በሰሜን ሸዋ ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ በሚያበቅለው ሣር ስም የሚጠራ ሰፊ ሜዳ ነው። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ነፋስ ነው። በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ ገብሱን ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፤ ሴቲቱ ውሃዋን በጀርባዋ አዝላ አቀበቱን ትወጣለች። አየሩ ንጹሕ ስለ ሆነ ደገኛን አያመውም የሚለው የከተማ ሰው ጨዋታ ነው እንጂ እውነት አይደለም። ለሥራ ወደዚያ በወጣን ጊዜ ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ወገባቸውን የሚያቀኑ ሰዎችን አይተናል። ነገር ግን ቆመው አልቀሩም፤ ጥቂት አርፈው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የደጋው ሰው በመጀመሪያ የሚሸሸው ወደ ሙቀት ነው። ማታ በምድጃው ዙሪያ ይቀመጣል፤ ከበግ ጠጕር የተሠራውን የመንዝ ባና ይደርባል፤ ወገቡንም በቅቤ ያሳሻል። ይህን የሚንቅ ሰው ቢኖር አዲስ አበባን ያስታውስ፤ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው የአፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ሰዎች ከእንጦጦ እየወረዱ በሚታጠቡበት ፍል ውሃ አጠገብ ነው። ሙቀት የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፣ የሕመሙንም ስሜት ለጊዜው ያበርዳል፤ ያረጀውን አንጓ ግን አያድስም። ጥቅሙ ሰውየውን ለነገው እንቅስቃሴ ማዘጋጀቱ ነው።

ዋናው ትምህርት ግን ከምድጃው ይልቅ ከሜዳው ይገኛል። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጓሳን ቀሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። በዚህ ሥርዓት ሜዳው እስከ ሦስትና አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ በደረሰ ጊዜም በተመረጡ አለቆች ፈቃድ ይከፈትና ሕዝቡ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ያጭድ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰና ሜዳው ተጎዳ፤ ኋላም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን መለሱት። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ያ ሜዳ እስከ ዛሬ የተረፈው ለዘለዓለም ተዘግቶ፣ ወይም ሁልጊዜ ተከፍቶ አይደለም፤ መጠቀምና ማሳረፍ ተራ ስለ ተሰጣቸው ነው።

የሚያመው አካልም እንዲሁ ነው። አንዱ ሰው ደኅና በሆነበት ቀን የሳምንቱን ሥራ በአንድ ጀምበር ልጨርስ ብሎ ይነሣና ሦስት ቀን ይተኛል፤ ይህ ዕረፍት እንዳጣ ሜዳ ነው። ሌላው ሕመሙን ፈርቶ ከአልጋው አይነሣም፤ ጡንቻው እየሰለለ፣ አንጓውም እየደረቀ ይሄዳል፤ ይህም ተዘግቶ ለማንም እንደማይጠቅም ሜዳ ነው። መካከለኛው መንገድ ሕመሙ ሳይበረታ ማረፍ፣ ዕረፍቱም ሳይረዝም መነሣት ነው። ዛሬ መቶ እርምጃ የሄደ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ጥቂት ይጨምር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና። በቆየ ሕመም ጊዜ በእንቅስቃሴ ላይ የሚሰማው መጠነኛ ሥቃይ ሁልጊዜ የመጎዳት ምልክት እንዳልሆነ ማወቅም ፍርሃትን ያርቃል።

ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደ ነበረባቸው የገለጸው የዓለም ጤና ድርጅት፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. መመሪያ አውጥቷል። በመመሪያው ለቆየ የወገብ ሕመም ስለ ሕመሙ ማስተማርን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ መታሸትንና የሥነ ልቡና ድጋፍን መክሯል። መድኃኒትን ፈጽሞ አልነቀፈም፤ ነገር ግን ኦፒዮይድ የሚባሉት ብርቱ ማስታገሻዎች ለዚህ ሕመም ዘወትር እንዳይሰጡ አሳስቧል።

በጽሕፈት ቤትና በትምህርት ቤት ለምንውለው ለእኛ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ጸሓፊው ስድስት ሰዓት ተቀምጦ፣ መምህሩም ስድስት ሰዓት ቆሞ ከዋለ በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛውን ማስታገሻ ይውጣል፤ ይህም ሲዘወተር ጨጓራን ሊያቆስል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፣ ወይም ለቆመው ሰው ጥቂት መቀመጥ፣ ዋጋ የማይከፈልበት ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ትዕግሥት ወሰን አለው። ሕመሙ ከትኩሳት ወይም ምክንያቱ ካልታወቀ ክሳት ጋራ የመጣ እንደ ሆነ፣ እግር የሰነፈ ወይም ሽንት መቆጣጠር ያቃተ እንደ ሆነ፣ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። የተሰበረ አጥንትም በወጌሻ አጥብቆ በመታሰሩ ደም ሳይደርሰው የበሰበሰ እግር አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው በከንቱ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ልናስበው የሚገባን ሌላ ነገር አለ። ማረፍን መምከር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውሃ ቀጂዋ እናት ሸክሟን ብታወርድ ማን ያነሣላታል? የጓሳ ሥርዓት የጸናው አንድ ሰው ብቻውን ስለ ጠበቀው ሳይሆን ጎረቤት ሁሉ ስለ ተስማማበት ነው። የእናቲቱም ወገብ የሚድነው ባልየው ጀሪካኑን ሲያነሣ፣ ልጆቹም ሸክሙን ለሁለት ጉዞ ሲከፍሉላት ነው። እንግዲህ በየቤታችን ያለው የሚያመው ሰው ጉልበቱን ተራ በተራ እንዲያሳርፍ ከፈለግን፣ ተራውን መያዝ የእኛ ፈንታ ነው።