የቮልስ ጀርባ፣ የባጃጅ ጎን

ቮልስ መንገድ ዳር ቆማ ስታዩ ልባችሁ ይሸፍታል? የእኔ ይሸፍታል። አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ በሄድኩ ቁጥር ስልኬ የሚሞላው በእሷ ፎቶ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ ዳገት ላይ የራዲያተር ውሃ ፈላ የሚባል ጣጣ የለባትም። የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ተሠርታ አበቃች (አደባባዩን ሳይሆን አገሩን ማለቴ ነው)፤ የእኛዎቹ ግን ዛሬም ይሄዳሉ። ታሪክም አለባት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይስ የለመዱ ሰው በዚያች ጠባብ በር ሲገቡ አስቡት።

አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትጀምር፣ የሌላው አገር ሥራ እዚህ እንዲታይ፣ የእኛም ሰው ራሱን በራሱ ዓይን እንዲያሳይ መንገድ ከፈተች። ታዲያ ጠዳስ? እኛ አዳራሽ የለንም፤ አስፋልት ግን አለን። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው ሁሉ በደጃችን ያልፋል፤ አይሱዙው ጭቃ መከላከያው ላይ «የእናቴ ምርቃት» ጽፎ፣ ባጃጁ ውስጡን በፕላስቲክ አበባና በዘርፍ አስጊጦ። ማንሳት ከፈለጋችሁ በጠዋት ውጡ። የቀትር ፀሐይ ቀለሙን ያነጣዋል። በርከክ ብላችሁ ከፊት መብራቱ ትይዩ አንሱ። ባለቤቱን ደግሞ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

አንድ ጎረቤታችን ባጃጁን ሊሸጥ ፎቶ እንዳነሳለት ጠራኝ። ገንዘቡ ለባለቤቱ ሕክምና ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባጃጁን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ አዲስ ስቲከር ለጥፎበታል። ቀኝ ጎኑ ላይ ትልቅ የመዝሙር ጥቅስ አለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ከጥቅሱ ሥር ሻንሲው ተበይዷል።

«ልጄ፣ በግራ በኩል ብቻ አንሳልኝ» አለኝ።

እዚህ ላይ ምን ትሉ ነበር? ፎቶ ማንሳት መምረጥ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ከክፈፉ ውጭ ይቀራል። የቮልስ ፎቶ ሳነሳ የመብራት ምሰሶውን ባስቀር ማንም አይጎዳም። በዚህ ብየዳ ላይ ግን ነገ ሦስት ሰው ይቀመጣል። በሌላ በኩል እትዬ አልጋ ላይ ናቸው፤ ከእጃቸው ስንት ጊዜ ቡና ጠጥቻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ያደላው ለግራው ጎን ነበር። ጥቅሱ መሸፈኛ መሆኑ ግን አላስቀመጠኝም።

«ጋሼ፣ ሁለቱንም ላንሳ፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው ያንሳልዎት» አልኩ።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ስቲከሩን ከጥጉ ጀምረው በጥፍራቸው ላጡት፤ ግማሹ ተቀዶ ቀረ። አንድም ቃል ሳንነጋገር በግራም በቀኝም አነሳሁ።

ገዢው በሦስተኛው ቀን መጣ። ብየዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ በያጁ ማን እንደሆነ ጠየቀ፣ ከዋጋው ላይ አስቀንሶ ወሰደው። ጎደለ የተባለውን ወጣቶች ተሯሩጠን ከጉባኤው ሰበሰብን፤ ሁሉንም አልሞላንም። ጋሼ ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ቡና ግን እስከ ዛሬ አልጠሩኝም።