የአሥራ አንድ ተኩሉ ደወል

መገናኛ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። የኮተቤ ታክሲ ሰልፍ ተጠማዞ መጨረሻው አይታይም። ከፊቴ የቆመችው ሴት በትከሻዋ የምሳ ዕቃ የያዘ ቦርሳ፣ በብብቷ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይዛለች። ሰልፍ ውስጥ የማታ ተማሪን መለየት ቀላል ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሰዓት የሚያየው እሱ ነው። ሌላው ቢዘገይ እራቱ ይቀዘቅዝበታል። እሱ ቢዘገይ ስም ጥሪ ያመልጠዋል።

የመጣሁት የአዲስ አበባን የካ ክፍለ ከተማ ከታች ወደ ላይ ለማየት ነው፤ ከዚህ ግርግር ተነሥቼ በእንጦጦ ሰንሰለት ላይ እስካለው ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ድረስ። በመንገዴም ትምህርት አቋርጠው ከዓመታት በኋላ የተመለሱ ሰዎችን ላነጋግር አስቤያለሁ።

ታክሲው ላምበረትን አልፎ በኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ወሰደን። ይህ ግቢ በ1935 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተብሎ ሲከፈት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ገና መውጣቷ ነው፤ የተማረ ሰው እንደ ወርቅ ይፈለግ ነበር። መንግሥትም ልጆቹን እያበላና እያሳደረ፣ ከመማር በቀር ሌላ ሐሳብ እንዳይኖራቸው አደረገ። ብልህ ውሳኔ ይመስለኛል። ትምህርት ከመጽሐፍም ከመምህርም በፊት ጊዜ ይፈልጋል። በዚሁ አስፋልት ላይ አሁን ለማታ ክፍል የሚሮጠው ሰው ያጣው ያንኑ ነው።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደረስን። ደወሉ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይደወላል፤ ክፍሉ የሚሞላው ግን ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። ወንበሮቹ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የተሠሩ ናቸው፤ ጎልማሳ ሲቀመጥባቸው ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አይገባም። ሰሌዳው ላይ የቀን ተማሪዎች የተዉት ግማሽ የባዮሎጂ ሥዕል አለ። መምህሩም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ ነው የመጣው፤ ድምፁ ሻክሯል።

ሰልፉ ላይ ያየኋት ሴት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፈቅዳልኝ ደብተሯን አየሁት። ከፊት ሲገለጥ የሒሳብ ትምህርት ነው። ከኋላ ሲገለጥ ደግሞ የእንጀራ ሒሳብ፦ ለየትኛው ሱቅ ስንት እንጀራ እንደገባ፣ የትኛው እንደከፈለ፣ የትኛው "ነገ" እንዳለ። ሁለቱ ሒሳቦች መሐል ላይ ሊገናኙ ጥቂት ገጾች ቀርቷቸዋል።

የዕለቱ ትምህርት ሎጋሪዝም ነበር። ክፍሉ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው። መምህሩ ይህን አይቶ መጽሐፉን ዘጋና፣ "አሥር ሺህ ብር በዓመት በ15 በመቶ ወለድ ብትበደሩ፣ ዕዳው እጥፍ የሚሆነው በስንት ዓመት ነው?" አለ። ያንቀላፋው ሁሉ ቀና አለ።

"እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይሞክሩት።"

"ቲቸር፣ ከባንክ ነው ከአራጣ አበዳሪ?"

"ከባንክ።"

"እሱንማ ቀመሩ ይንገረኝ። የአራጣው ከሆነ ስድስት ወር አይፈጅም፤ እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም አላንቀላፋም፤ መልሱ አምስት ዓመት ገደማ እስኪሆን ድረስ ሁሉም ቁጥር ሲቆርጥ ሲቀጥል ቆየ። የቀን ተማሪ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲሰጠው ለፈተና ይሸመድደዋል። ለእነዚህ ግን የመጣላቸው የራሳቸው ዕዳ ነው። የጎልማሳ ክፍል ከቀኑ ያንሳል የሚል ሰው አንድ ማታ መጥቶ ይቀመጥ።

ከክፍል ሲወጡ በሩ ላይ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አገኘሁ፤ የ12ኛ ክፍል የማታ ተማሪ ነው። በ2002 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ነጥብ አልመጣለትም። በዚያን ጊዜ እንደ 1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ የሚያበቃው 10ኛ ላይ ነበር። ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ ያልፋል፤ ሌላው ቴክኒክና ሙያ ይገባል ወይም ሥራ ይፈልጋል። "10ኛ ጨርሻለሁ" ማለት አያሳፍርም ነበር። ከዚያ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2012 ቀረ፣ ሁለተኛ ደረጃም ከ9 እስከ 12 ያለው ሆነ።

"ወንድሜ፣ እኔ የቆምኩበት አልተነቃነቅሁም፤ መጨረሻው ነው ሁለት ዓመት ወደፊት የሄደው" አለኝ። የሥራ ማስታወቂያ ላይ 12ኛ የሚል ሲያይ ነው የተመለሰው። እሑድ ተራራው ላይ ተረኛ እንደሆነ ነግሮኝ ተቀጣጠርን።

እሑድ ጠዋት በእግር ወጣሁ። ከኮብልስቶኑ በኋላ አቀበቱ ቀይ አፈርና ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ የከተማው ማገዶ ባለቀ ጊዜ ከውጭ መጥቶ የተተከለ ነው፤ አሁንም የከተማውን ምድጃ የሚያሞቁት ሴቶች ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ይወርዳሉ። መንገድ ለቀቅሁላቸው። ወደ ምዕራብ በዚሁ ሰንሰለት በመስከረም 2013 የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ አለ፤ እዚያ ሰው ለመሮጥ ገንዘብ አውጥቶ ይመጣል። እዚህ ደግሞ ሸክም ይዞ በነፃ ይሮጣል።

ከአለት ከተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አጠገብ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አገኘሁ። በትንሽ ወረቀት ላይ ዱቤ ይጽፋሉ፤ ፊደላቸው ትልልቅና የተቀረጸ ይመስላል።

"እማማ፣ የት ተማሩ?"

"በመሠረተ ትምህርት ነዋ ልጄ። ቀበሌ ድረስ መጥተው ነው ያስተማሩን፤ ውኃ ቀድተን ስንመለስ።"

የደርግ መንግሥት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ነው፤ ቆይቶም በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ማስተማር ቻለ፣ በ1972 ደግሞ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ደርግን የሚያስመኘኝ ነገር የለም። ይህን ግን እሰጠዋለሁ፦ ሰዓቱን የመረጠው እንደ ተማሪዋ ውሎ ነበር።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ተቃራኒውን ሄዷል። በስርቆት ምክንያት ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ተፈታኝ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው እያደረ እንዲፈተን ተወሰነ። የመጀመሪያው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት 2015 ተሰጠ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ስርቆቱ ዓይን ያወጣ ነበር። ውጤቱ ሲነገርም እውነቱ ወጣ፦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ።

ነገር ግን ግቢ ገብቶ ማደር ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የመጀመሪያው ከቤት መውጣት ነው፤ ትንሽ ጀብዱም አለው። ጡት ለምታጠባ እናት፣ ለቀን ሠራተኛ፣ ለዘበኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕፃኑ ታሞ እንደሆነ ደውላ መጠየቅ አትችልም። አሠሪው ፈቃድ ካልሰጠ ያጠናው ሁሉ ከንቱ ነው። በ2016 የተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር መፈተን ጀመሩ። እኔ ብጠየቅ ይህን መንገድ መጀመሪያ ለማታ ተማሪዎች እሰጥ ነበር፤ በየክፍለ ከተማው፣ በሳምንቱ መጨረሻ፣ አንድ አንድ ትምህርት እያደረጉ። ስርቆትን ለመከላከል ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ብቸኛው ዘዴ አይደለም።

የጥበቃ ሠራተኛውን አንድ የታጠረ የችግኝ ቦታ በር ላይ አገኘሁት። ዱላው ግንድ ላይ ተደግፏል፤ እሱ ደግሞ የጂኦግራፊ ወርክሺት በጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ሶሻል የመረጠው በማታ ላቦራቶሪ ስለማይከፈት ነው።

"ለፈተናው ሳምንት ፈቃድ ይሰጡሃል?" አልኩት።

"ፈቃድ የሚባል ነገር የለንም። ሰው መተካት ነው ያለው። የዛሬው ተራ የእኔ አይደለም፤ የጓደኛዬ ነው። ለሦስት ሰዎች ቆሜላቸዋለሁ፤ ያኔ በተራቸው ይቆሙልኛል። ለሁለት ሌሊቶች ግን ገና ሰው እየፈለግሁ ነው።"