የተሸነፈ ካልተነሳ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጌም ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሕጉን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። የተሸነፈ ሒሳቡን ከፍሎ ይነሳል፤ ያሸነፈ ጆይስቲኩን እንደያዘ ይቀጥላል፤ ተረኛው ይገባል። የባለቤቱ የእህት ልጅ ብትሆንም፣ ከሁሉም ቀድመህ ብትመጣም፣ ሦስት ለባዶ ከገባብህ ትነሳለህ።

ሰሞኑን ይህን ሕግ የሚያስቀር ሐሳብ ሰምቼ ነው የምጽፈው። በሁለቱ ከተሞች ጌም ቤት ያላቸው ጥቂት ሰዎች ሊግ ለመጀመር እየተመካከሩ ነው። በአንድ ቅዳሜ ተጀምሮ የሚያልቅ ውድድር አይደለም፤ ወራት የሚዘልቅ፣ ደርሶ መልስ ያለው፣ እያንዳንዱ ቤት በስሙ ቡድን የሚያቋቁምበት ሊግ ነው። እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ነገር ነው። ክርክሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ መጀመሪያ ገንዘብ አዋጥተው የገቡት ቤቶች ቦታቸው ቋሚ ይሁን ወይስ አይሁን? ቋሚ ከሆነ መጨረሻ የወጣው አይወርድም፣ ውጭ ያለውም ስላሸነፈ ብቻ አይገባም። መግባት የፈለገ ቦታ ይገዛል፣ ወይም ቦታ እስኪጨመር ይጠብቃል። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ የሚተዳደረው በዚህ ነው፤ ፍራንቻይዝ ይሉታል። ከትልልቆቹ የቪዲዮ ጌም ሊጎችም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተራ በተራ ወደዚያው ገብተዋል።

እኔ አልደግፈውም። የሚደግፉትን ግን ሞኞች ናቸው ብዬ አላልፍም፤ ከመካከላቸው አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ። ቤቱ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። ስክሪኑን ብርሃን እንዳይመታው በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሏል፤ አግዳሚው ላይ ልጆች ተጠባብቀው ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ጆይስቲክ ማዞሪያ ላዩ ተልጦ በጎማ ተጠቅልሏል። ሒሳብ የሚይዝበት ደብተር አለው፤ ከፊት ዕለታዊ ገቢ፣ ከኋላ ዱቤና ወጪ። ከኋላ በኩል ገልጦ አሳየኝ። ስክሪን። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን። ጆይስቲክ ማሠሪያ። ኪራይ። አሁንም ኪራይ።

«በ2014 ጥቅምት ጦርነቱን ሸሽቼ ቤቱን ቆልፌ ስወጣ ዕቃው ሙሉ ነበር» አለኝ። «ስመለስ ግድግዳው ላይ የቀረኝ ሚስማሩ ነው። ከዜሮ ነው የተነሳሁት። አሁን ለዚህ ሊግ ብዬ ልጆች ሰብስቤ፣ ማልያ አሠርቼ፣ ስክሪን ጨምሬ፣ በአንድ ክፉ ቅዳሜ ወርጄ ልቅር? ወንድሜ፣ ዕድር እንኳ መዋጮውን የከፈለን ሰው አያባርርም።»

ይህን ክርክር የሚንቅ ሰው በራሱ ገንዘብ ሱቅ ከፍቶ የማያውቅ ነው።

ፈረንጆቹ ዘንድም ፍራንቻይዝን ያመጣው ይኸው ፍርሃት ነው። በሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የሰሜን አሜሪካ ሊግ ድሮ ቡድን ይወርድ ነበር። ከርሞ ይኑር አይኑር ለማይታወቅ ቡድን ደግሞ ረጅም ውል የሚፈርም ስፖንሰር የለም። ስለዚህ የጌሙ ባለቤት ራዮት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 መውረድን አስቀርቶ ሊጉን በ10 ቋሚ ቡድኖች አቆመው፤ በጊዜው እንደተዘገበው የአንዱ ቦታ ዋጋ ከ10 ሚሊዮን ዶላር ይጀምር ነበር። በዚያው ዓመት 12 ቡድን ይዞ የተጀመረው፣ ኦቨርዋች የተባለው ጌም ሊግማ ለአንድ ቦታ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደጠየቀ ነው የተወራው። ተጫዋቾቹም አልተጎዱም። በኦቨርዋች ሊግ ዝቅተኛው ደመወዝ በዓመት 50 ሺህ ዶላር ነበር፣ የጤና መድንም ተጨምሮበት። እናቱ «ይህን ነገር ተው፣ ጥናትህን ያዝ» ስትለው ላደገ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለፍራንቻይዝ ከሚቀርበው ማስረጃ ሁሉ እኔን የሚያንገዳግደኝ የኦቨርዋች ሊጉ ቡድን የሻንጋይ ድራጎንስ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት 40 ጨዋታ አድርጎ 40ውንም ተሸነፈ። እኛ ሜዳ ቢሆን ኖሮ አሠልጣኙ በአምስተኛው ሳምንት ይሰናበታል፣ ክለቡም በዓመቱ መጨረሻ ወርዶ ይረሳል። እዚያ መውረድ የሚባል ነገር ስላልነበረ ሻንጋይ ሊጉ ውስጥ ቆየ፤ ተጫዋች ለወጠ፣ አሠልጣኝ ለወጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የዚያው ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ ዋስትና ያገኘ ሁሉ ይሰንፋል ብሎ መከራከር አያዋጣም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ለሻንጋይ የተሰጠው ከማን ተወስዶ ነው? ሻንጋይ 40 ጊዜ በተሸነፈበት በዚያው እ.ኤ.አ. 2018 ከታች ባለው የኦቨርዋች ውድድር የኮሪያው ራንአዌይ ዋንጫ አነሳ። ዋንጫው ወደ ላይ አያሳድግም። ታዲያ ምን ሆነ? በቫንኩቨር ስም አዲስ ቦታ የገዙ ባለሀብቶች የራንአዌይን ተጫዋቾች ወሰዷቸው። ልጆቹ በዓመቱ ለፍጻሜ ደረሱ፤ የራንአዌይ ስም ግን እታች ቀረ። ይህን ወደ እኛ ሊግ አምጡትና እዩት። ገራዶ ወይም ሐርቡ ያለ፣ መዋጮ ያልነበረው ጌም ቤት ጎበዝ ልጅ ካፈራ፣ ልጁ ሲያሸንፍ የሚጠቀመው ከተማ መሐል ያለው ቦታ የገዛ ቤት ነው።

ክፍት በር ምን እንደሚመስል ለእኛ አካባቢ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፣ በእግር ኳሱ አይተነዋል። በ2010 ዓ.ም. ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻ ከፍተኛ ሊግ አንድ ምድብ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ምድብ አንደኛ ወጥቶ ፕሪሚየር ሊግ የገባው ባሕር ዳር ከተማ ነው። እኛ ቀረን። ግን በሩ መኖሩን ባሕር ዳር ሲገባበት አየን፤ በሚቀጥለው ዓመት ትኬት ቆርጦ ሜዳ የሚገባው ደጋፊም የሚገባው ለዚያ በር ብሎ ነው። ወልድያ ደግሞ ገብቶበትም ያውቃል። ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። በ2009 በባለሀብቱ ሼህ ሙሐመድ አል አሙዲ ስም የተሰየመው 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀለት፣ በ2010 ወረደ። ፍራንቻይዝ የሚወድ ሰው ይህን እየጠቀሰ «አያችሁ፣ ያን የሚያህል ሜዳ ፕሪሚየር ሊግ አጣ» ይላል። እውነት ነው፣ ያማል። ቦታ የሚገዛ ቢሆን ኖሮ ሼሁ ይገዙለት ነበር የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ከተማ ግን ሼህ የለውም።

ሌላም አለ። ኦቨርዋች ሊግ ቦታ የሸጠው በከተማ ስም ነው፤ ለንደን፣ ሶል፣ ሻንጋይ። በመጀመሪያው ዓመት ግን ከዋንጫው ፍጻሜ በቀር ጨዋታው በሙሉ የሚካሄደው ካሊፎርኒያ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ለንደን ስፒትፋየር በኮሪያ ልጆች፣ ለንደን ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ዋንጫ ወሰደ። ልስቅ ፈልጌ የራሳችን ትዝ አለኝ። የእኛም ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም.፣ ኮቪዱም የዲኤስቲቪ ቀረጻውም ተደራርቦ፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ በየተራ እየተሰበሰበ መጫወት ጀመረ። ለ5 ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር የተባለለት የዲኤስቲቪ ውል ክለቦቹን እንደጠቀመ አልክድም። ገንዘብ የሚከፍል ሰው ግን ምንጊዜም እርግጠኛ ነገር ይፈልጋል፤ ሰዓቱ የታወቀ፣ ሜዳው የታወቀ፣ ከተቻለም ቡድኑ የታወቀ። ከተማው ስሙን ይሰጥና ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያያል። የእኛ የጌም ሊግ ነፍሱ ደርሶ መልሱ ነው። የደሴ ልጅ ጃኬቱን ለብሶ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ገብቶ ሲሸነፍ፣ በሳምንቱ የኮምቦልቻው ልጅ ጦሳ ሥር እየተንቀጠቀጠ ሲጫወት፣ የቅዳሜ ወሬያችን እሱ ነው። «ለስፖንሰሩ እንዲመች አንድ አዳራሽ እንሰብስበው» የሚለው ሐሳብ ከወዲሁ መነሳቱን ሰምቻለሁ፤ እሱንም ከአሁኑ ብትተዉት ይሻላል።

በሚያዝያ 2013 የአውሮፓ 12 ታላላቅ ክለቦች ሱፐር ሊግ ብለው ለራሳቸው ቋሚ ቦታ ሲሰጡ እዚህ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ያልተቆጣ ሰው አላየሁም። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ጥለው ወጡ። ያኔ «ኳስ የሀብታም ብቻ ናት እንዴ?» ሲል የነበረ ሰው ዛሬ ራሱ ጌም ቤት ሲከፍት ቋሚ ቦታ ካልሰጣችሁኝ ሲል ይገርመኛል።

የጌም ሊግ ላይ ቋሚ ቦታ መሸጥ ከኳሱም የባሰ የሚሆንበት ምክንያት ደግሞ አለ። ኳስ ባለቤት የላትም፤ ጌም አለው። የኦቨርዋች ባለቤት ብሊዛርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ጌሙን ሲያድስ የአንድን ቡድን ተሰላፊ ከ6 ወደ 5 አወረደው። ውሳኔው ሚሊዮኖች ከፍሎ ቦታ የገዛው ሰው እጅ አልነበረም፣ ስድስተኛው ልጅም እጅ አልነበረም። በዓመቱ፣ ከ2023 ውድድር በኋላ፣ ሊጉ ራሱ ተዘጋ፤ ቡድኖቹ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እየተሰጣቸው እንደወጡ ተዘገበ። ዘላለማዊ የተባለው ቦታ የቆየው 6 የውድድር ዘመን ነው። እኛ የምንጫወተውም ቢሆን የእኛ አይደለም። ፔስ የምንለው የኳስ ጌም ባለቤት ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ያንን ስም ጥሎ ጌሙን በኢንተርኔት የሚወርድ ነጻ ጌም አደረገው፤ ፊፋ የምንለው ጌምም ከፊፋ ድርጅት ጋር ተለያይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙን ቀይሯል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስንቆይ ሁለት ጆይስቲክና አንድ የቆየ ፔስ ያለው ቤት መብራት እስካለ ድረስ ያጫውት ነበር። ከርሞ የትኛው ጌም እንደሚሠራ በማይታወቅበት ነገር ላይ «ቋሚ» የሚለውን ቃል መሸጥ የሚገዛውንም ማታለል ነው።

ቫልቭ የተባለው የካውንተር ስትራይክ ጌም ባለቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ሌላ መንገድ መረጠ። ከ2025 ጀምሮ ትልልቅ ውድድሮች ቡድን የሚያስገቡት በደረጃ ወይም በክፍት ማጣሪያ ብቻ እንዲሆን፣ አዘጋጁም ከተወዳዳሪ ቡድን ጋር የንግድ ሽርክና እንዳይኖረው ወሰነ።

ወደ ሰውዬው ዕድር ልመለስ። ዕድር የከፈለን እንደማያባርር እውነት ነው። ሰፈሩ ውስጥ አዲስ ለገባ ሰው ግን «ሞልተናል» ብሎ በር አይዘጋም፤ መግቢያውን ከፍሎ ድንኳኑ ሥር ይቀመጣል። እናንተ ያሰባችሁት የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን የተወ ዕድር ነው።

እዚያው ሰውዬው ጌም ቤት ያየሁትን አንድ ልጅ ልንገራችሁ። የአንድ ጨዋታ ሒሳብ ብቻ ነበር የያዘው። ተራው ሁለት ጊዜ ደርሶት ሁለቴም ለሌላ ለቀቀ። የቤቱ አንደኛ የሚባለው ልጅ ተከታታይ እያሸነፈ ነበርና እስኪደክም፣ እስኪዝናና፣ ግብ ጠባቂውን ሜዳ መሐል እያወጣ መቀለድ እስኪጀምር ጠበቀው። ከዚያ ተቀመጠ፣ በተጨማሪ ሰዓት አንድ ለባዶ አሸነፈ። ባለቤቱ ራሱ ከወንበሩ ተነስቶ ነው የጮኸው። በቋሚ ቦታ ሊግ ውስጥ ይህ ልጅ መቼም ተራ አይደርሰውም፣ ባለቤቱም የሚጮህበት ነገር አያገኝም።

በእኔ በኩል የምለው ይህን ነው። ሁለት የውድድር ዘመን ማንም አይውረድ፤ ሰውዬው ያወጣውን ገንዘብ የሚመልስበት ጊዜ ይኑረው፣ የሻንጋይም ትምህርት ይኸው ነው። ከሦስተኛው ጀምሮ መጨረሻ የወጣው ቤት ከውጭ በክፍት ማጣሪያ ከመጣ ቡድን ጋር ደርሶ መልስ ይጫወት፣ ያሸነፈ ይግባ። ከቤቱ አቅም በላይ በሆነ ነገር የቀረ ቡድን ቦታው ይጠበቅለት። በ2013 በጦርነቱ ከፕሪሚየር ሊግ የቀሩት መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረም ከዓመታት በኋላ ተመልሰዋል፤ እንዲህ ያለውን ነገር እኛ እዚህ ለማንም ማስረዳት የለብንም። መዋጮው ለቦታ ሳይሆን ለወጪ ይሁን፤ ለትራንስፖርት፣ ለዳኛ፣ ለሽልማት። ልጅ ከቤት ቤት ሲዘዋወርም ያሠለጠነው ቤት ትንሽም ብትሆን ድርሻ ያግኝ።

ለሰውዬው ይህን ስነግረው ሁለቱን ዓመት ወደደው። ማጣሪያው ላይ «እናያለን» አለኝ፤ በእኛ አገር «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ኮምቦልቻ ነው ተብሏል። ጌም ቤት ያላችሁ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። ይህን የምታነቡ ተጫዋቾችም ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ እስካሁን በተደረገው ምክክር ከእናንተ አንድም ሰው አልተጠራም።