ከላምበረት ወደ ጭላዳዎቹ አገር

ቺምፓንዚን በዱር ማየት የሚፈልግ የቦሌ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ ለምሳሌ ኡጋንዳ መውረድ አለበት፤ በእኛ አገር ደን ቺምፓንዚ የለም። እኔ ግን ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ከቦሌ በመገናኛ አድርጌ ላምበረት መናኸሪያ ሄድኩና የደብረ ብርሃኑን አውቶቡስ ያዝኩ። ኮተቤን፣ ለገጣፎንና ሰንዳፋን ካለፍን በኋላ ሜዳው ተከፈተ። ከደብረ ብርሃን ወዲያ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፈው መንገድ ነው መንዝ ጓሳ የሚያደርሰው።

ጭላዳዎቹን ገደሉ አፍ ላይ አገኘኋቸው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ይወጣሉ፤ ከዚያ ሥራቸው ሣር መጋጥ ነው። አንዲት እናት በሁለት እጇ እየቀነጠበች እፍኟን ትሞላና ወደ አፏ ትልካለች፤ ከዚያ ሳትነሣ በመቀመጫዋ ተንፏቅቃ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች። የአውራው ጎፈር እንደ መንዝ በርኖስ ከትከሻው ወርዷል፤ ደረቱ ቀይ ነው። ሌላ ወንድ ጠጋ ቢለው የላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየው፤ ጠቡ በዚያው አበቃ። ፍቅር ያዘኝ ብል አላፍርም!

የጭላዳ የጥንት ዘመዶች አጥንት ከሉሲ አገር ከሐዳር ተገኝቷል። ከዚያ ወገን ዛሬ በሕይወት ያለው ይኸው የእኛው ብቻ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር አይገኝም። ቀይ ቀበሮ መሐላቸው ገብቶ አይጥ ሲያድን እንኳ አይሸሹም። ጓሳ ላይ በተደረገ ጥናት ቀበሮው ከመንጋው መሐል ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ ይሳካለታል።

የጭላዳው ችግር ሣሩ ላይ ነው። እርሻው ሽቅብ ይወጣል፣ ከብቱም ያንኑ ሣር ይግጣል። ጭላዳው ገብስ ማሳ ሲገባ ገበሬው ቢጠላው አልፈርድበትም።

ጓሳ ግን የተረፈው ለዝንጀሮ ታስቦ አይደለም። መንዞች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲፈቀድ ያጭዱት ነበር፤ ጓሳ በሚባለው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ዛሬም ቦታውን የሚጠብቀው ማኅበረሰቡ ነው። ለእኔ ከማንኛውም አጥር የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሣሩ ለባለቤቱ እስከጠቀመ ድረስ ጭላዳውም መኖሪያ አያጣም።

በጣርማ በር የምታልፉ ሁሉ፣ እባካችሁ ከመኪና መስኮት ሙዝና ዳቦ አትወርውሩላቸው። ከመንገድ ዳር ምግብ መልቀም የለመደ ጭላዳ ጎማ ሥር ይገባል።