አሮጌውና አዲሱ ዜማችን



«ጌታን እየተከተላችሁ ራፕ ትሰማላችሁ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። የሚጠይቁን እናቶችና አባቶች ስለ ነፍሳችን የሚጸልዩ ናቸውና ጥያቄያቸውን በአክብሮት እንቀበለዋለን። እኛ በዲማና በአካባቢዋ ያደግን፣ ጌታን የምንወድ፣ የራፕንም ምት ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድን ወጣቶች ነን። ስለዚህ በጆሯችን ስላሉት አሮጌና አዲስ ዜማዎች ያሰብነውን በቃሉ ፊት እናካፍላችሁ።

አስቀድሞ የሚነሣው ገላትያ 5፥21 ነው። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ዘፋኝነት» ከሥጋ ሥራዎች መካከል ተቆጥሯል። የግሪኩ ቃል «ኮሞስ» የሚያመለክተው የስካርና የመዳራት የሌሊት ጭፈራን ነው። ይህ ማለት ግን ዜማው ሁሉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ዘፈን የሚመረመረው በከበሮው ዓይነት ሳይሆን በሚያፈራው ፍሬ ነው ማለት ነው።

በቃል መጫወት ለዲማ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የጎጃም ደብሮች አንዱ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» አማካይነትም አገር ሁሉ ያውቀዋል። የቅኔ ተማሪ ትናንት የተባለውን ዛሬ አይደግምም፤ ለዕለቱ አዲስ ይቆጥራል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ውስጥ ሰም ለብሶ የተደበቀውን ወርቅ ሰሚው ፈልቅቆ ያወጣዋል። ራፕ ስንሰማ ጆሯችን ቶሎ የለመደው ለዚህ ይመስለናል። ያ በግእዝ፣ ይህ በመንገድ ቋንቋ ነው እንጂ በሁለቱም ቃል ይመዘናል፣ ቤት ይመታል።

የራፕን ልደት የሚተርኩ ብዙዎች ወደ ነሐሴ 1965 ዓ.ም. ይመለሳሉ፤ ከጃማይካ የሄደው ዲጄ ኩል ኸርክ በኒው ዮርክ ብሮንክስ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ድግስ ያጫወተበት ጊዜ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግራንድማስተር ፍላሽና ጓደኞቹ «ዘ ሜሴጅ» በተባለው ዘፈን የድሃ ሰፈርን ኑሮ ሳያስጌጡ ተናገሩ። ከአሮጌዎቹ ውስጥ ይህን እስከ ዛሬ እንወደዋለን፤ ሐዘንን ደብቆ አይጨፍርምና። የመዝሙረ ዳዊት መጽሐፍም በእንዲህ ያለ ያልተደበቀ እሮሮ የተሞላ ነው። አገራችንም በዚህ ዜማ ውስጥ ድርሻ አላት። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት «አስ ዊ ኤንተር» ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ይሰማል። ቴዲ ዮ ደግሞ በ«ጉራጌቶን» የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር አዋህዷል።

ነገር ግን ራፕ ሌላም መልክ አለው፤ ፉከራ። ራፐሩ ራሱን ያገናል፣ ባላንጣውን ያዋርዳል፣ የሚያደርስበትን ይዘረዝራል። ይህም ለጎጃም ልጅ አዲስ አይደለም። «ዘራፍ!» ሲባል፣ ሽለላና ቀረርቶ ሲሰማ ደሙ የማይሞቅ ማን አለ? በእነዚያ ዜማዎች አባቶቻችን ወራሪን ለመመከት ተነሥተዋል። በእነዚያው ዜማዎች ግን ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሥቷል፤ ደም በደም ተመልሷል።

ወገኖች፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈውን የመጀመሪያ ፉከራ ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? በዘፍጥረት 4፥23-24 ይገኛል። ላሜሕ በሚስቶቹ በዓዳና በሴላ ፊት ቆሞ፣ ስላቆሰለው ሰው መግደሉን በግጥም ይናገራል፤ ለቃየል በቀሉ ሰባት እጥፍ ከሆነ ለእርሱ ሰባ ሰባት እንደሚሆን ይፎክራል። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ በገናና መለከት የሚይዙ ሁሉ አባት የተባለው ዩባል የዚሁ የላሜሕ ልጅ መሆኑ ነው። ዜማና በቀል በአንድ ቤት አደጉ! ስለዚህ አሮጌ ዘፈን ሁሉ ቅዱስ አይደለም፤ ከሁሉ የሚያረጀው የላሜሕ ነው። አዲስ የሆነውም ሁሉ ርኩስ አይደለም። ጌታ በማቴዎስ 13፥52 የመንግሥተ ሰማያትን ተማሪ ከመዝገቡ አዲሱንም አሮጌውንም በሚያወጣ ባለቤት መስሎታል።

ይህ ለእኛ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት ደጃችን ድረስ መጥቷል። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ በሚሞሪ ካርድ ይዞር ነበር፤ አብዛኛውም ፉከራ ነበር። ከመካከላችን ሐዘን ያልተቀመጠ ቤተሰብ ያለው ጥቂት ነው። ወንድሙን የቀበረ ሰው በጆሮ ማዳመጫ ሌሊቱን ሙሉ «ተበቀል» የሚለውን ምት ሲሰማ ቢያድር፣ ሲነጋ ምን ይዞ ይነሣል? የምንሰማው ነገር ወዴት እንደሚያደርሰን የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ኒፕሲ ሀስልን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የተወለደበት ስሙ ኤርምያስ አስገዶም ነው፤ አባቱ ኤርትራዊ ናቸው። መንፈሳዊ ዘማሪ ስላልነበር እንደ መምህር አናቀርበውም። በወጣትነቱ በሎስ አንጀለስ የወሮበላ ቡድን ውስጥ ያለፈ ሰው፣ በኋላ ሰፈሩን ለመገንባት የደከመ ነበር። በማርች 31 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በ33 ዓመቱ በራሱ ሱቅ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። በማግስቱ የቡድኖችን ግጭት ስለ ማብረድ ከከተማዋ ፖሊስ ኃላፊዎች ጋር ሊገናኝ ቀጠሮ ነበረው። ከሞቱ በኋላ የተቃራኒ ቡድኖች አባላት አብረው ለሰላም ተሰለፉ። ሞቱ ለተጨማሪ በቀል ምክንያት መሆን ይችል ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ግን ሌላ መንገድ መረጡ።

ከአዲሶቹ ደግሞ ሌክሬን እንወዳለን። በ2013 እ.ኤ.አ. «ግራቪቲ» በተባለው አልበሙ የምርጥ ወንጌላዊ አልበም የግራሚ ሽልማትን ወሰደ። እኛን የነካን ግን ሽልማቱ አይደለም። በ2014 «አኖማሊ» አልበም ውስጥ «ጉድ፣ ባድ፣ አግሊ» በሚለው ሥራው፣ ፍቅረኛው ያስወረደችውን ጽንስና በልጅነቱ የደረሰበትን ጥቃት በአደባባይ ይናገራል። ይህ ከፉከራ ጋር ምን ያህል ይራራቃል! ፉከራ ቁስልን ለበቀል ይይዘዋል፤ ኑዛዜ ግን ቁስልን ወደ ብርሃን ያወጣዋል።

እዚህ ላይ አሮጌውን መዝሙራችንን እናስታውሳለን። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ። መዝሙሮቹ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ተባዝተው ቤተ ክርስቲያንን አጽናኑ። በሰማናቸው መዝሙሮቹ ውስጥ የአሳሪዎቹን ደም የሚጠይቅ ፉከራ አላገኘንም። እርሱ የዘመረው ያለ ራፕ ምት ነው፤ ሌክሬ ደግሞ በራፕ ምት። ነገር ግን ሁለቱም ከላሜሕ ቤት ወጥተዋል እንላለን።

ከላሜሕ ቤት የምንወጣው በማን ነው? ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ ሲጠይቅ፣ ጌታ በማቴዎስ 18፥22 የመለሰው ቁጥር የላሜሕን ቁጥር ያስታውሰናል። ላሜሕ ለበቀል የቆጠረውን ጌታ ለይቅርታ ቆጠረው። ቆጥሮም አልቀረም፤ በመስቀል ላይ ለሰቃዮቹ ምሕረትን ለመነ። በቅኔ ቋንቋ ብንናገር፣ ሰሙ ሽንፈት ይመስል ነበር፤ ወርቁ ግን ድል ነበር።

ስለዚህ አሮጌም ይሁን አዲስ፣ የጆሮ ማዳመጫችንን ከማድረጋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ይህ ዜማ ማንን ከፍ ያደርጋል? ጎረቤታችንን በምን ዓይን እንድናይ ያደርገናል? ሲያልቅስ ተንበርክከን ስለ ጠላታችን መጸለይ እንችላለን? ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ብዙ የምንወዳቸው ምቶች በዚህ ጥያቄ ከስልካችን ጠፍተዋል፤ የቀሩትም አሉ።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ሐዘናችሁን ፉከራ አያሳርፈውም። ቁጥሩን የቀየረውን ኢየሱስን ጥሩት፤ ይሰማችኋል።

ጌታ ሆይ፣ በአፋችን አዲስ መዝሙርን አኑር። በምድራችን ላይ የላሜሕን ድምፅ ጸጥ አድርግ። ይቅር ማለት ያቃተንን በጸጋህ አስችለን። አሜን።